ሲስተም ሲወድቅ የመጀመሪያ ግምታችሁን አትመኑ

ሰባቱ ሰርቨሮች ደህና ነበሩ። ችግር ያለበት አንዱ ብቻ ነበር።

ቀኑ ኦገስት 1፣ 2012 ነው፤ እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ናይት ካፒታል የሚባል፣ አሜሪካ ውስጥ አክሲዮን የሚያገበያይ ድርጅት ስምንት ሰርቨሮች ላይ አዲስ ኮድ መጫን ነበረበት። የጫነው ባለሙያ ሰባቱ ላይ ጭኖ ስምንተኛውን ዘለለው። ሁለተኛ ሰው ሥራውን አላየለትም። ስምንተኛው ላይ ደግሞ ድርጅቱ ከ2003 ጀምሮ መጠቀም ያቆመው፣ ግን ማንም ያላጠፋው የድሮ ኮድ ተቀምጦ ነበር። ይባስ ብሎ አዲሱን ኮድ የሚያስነሳው ምልክት ድሮ ያንን አሮጌ ኮድ ያስነሳ የነበረው ራሱ ነው። ገበያው ሲከፈት ሰባቱ አዲሱን ሥራ ጀመሩ። ስምንተኛው ግን አሮጌውን ኮድ አስነስቶ ማቆሚያ የሌለው የግዢና የሽያጭ ትዕዛዝ ያዘንብ ጀመር።

በ45 ደቂቃ ውስጥ 4 ሚሊዮን ግብይት ተፈጸመ። ኪሳራው ከ460 ሚሊዮን ዶላር በላይ ደረሰ። ድርጅቱ ከዚያ በኋላ ለብቻው መቆም አልቻለም፤ በቀጣዩ ዓመት ከሌላ ድርጅት ጋር ተዋሃደ።

ይህን ታሪክ የሚያወራ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያነሳው ስምንተኛውን ሰርቨር የረሳውን ባለሙያ ነው። እኔን ግን የሚያንገበግበኝ መሃል ላይ የሆነው ነገር ነው። ኢንጂነሮቹ እሳቱ መሃል ቆመው "ችግሩ አሁን የጫንነው አዲስ ኮድ ነው" ብለው ገመቱ። ማንኛችንም እዚያ ብንሆን እንዲሁ ነበር የምንገምተው። አዲስ ነገር ጫንን፣ ነገር ተበላሸ፣ ስለዚህ አዲሱን እናንሳ። ከሰባቱ ጤነኛ ሰርቨሮች ላይ አዲሱን ኮድ አነሱት። ያን ጊዜ እነሱም ላይ አሮጌው ኮድ መሥራት ጀመረ፣ ችግሩም ባሰበት።

ለካ መልሱ እጃቸው ላይ ነበር። ገበያው ከመከፈቱ በፊት ሲስተሙ የአሮጌውን ኮድ ስም እየጠራ 97 ኢሜይል ልኮ ነበር። ኢሜይሎቹ እንደ ማስጠንቀቂያ ተብለው የተሠሩ ስላልነበሩ ልብ ብሎ ያነበባቸው ሰው አልነበረም።

ከዚህ የምወስደው አንድ ነገር ነው። ሲስተም ሲወድቅ የመጀመሪያው ግምት ብዙ ጊዜ ስህተት ነው። ይህ የባለሙያ ድክመት አይደለም፤ በዚያ ሰዓት ያለን መረጃ ትንሽ ስለሆነ ነው። ታዲያ የአይቲ ኃላፊ ሥራው ምንድን ነው? ትክክለኛውን ግምት ራሱ ለማግኘት መሯሯጥ አይደለም። የተሳሳተው ግምት በሰዓታት ሳይሆን በደቂቃዎች እንዲጋለጥ፣ ስንሳሳትም ጉዳቱ ትንሽ እንዲሆን ሥራውን ማደራጀት ነው። አጃይል የችግር ጊዜ አመራር የሚባለውን እኔ የምረዳው እንዲህ ነው።

አጃይል ከየት መጣ

ፌብሩዋሪ 2001 ላይ 17 የሶፍትዌር ሰዎች ዩታ ውስጥ ስኖውበርድ በሚባል ቦታ ተሰብስበው አንድ አጭር መግለጫ ጻፉ። ያኔ ብዙ ፕሮጀክት የሚሠራው ለወራት እቅድ በመጻፍ፣ ከዚያ ለሌላ ብዙ ወራት እቅዱን በመገንባት ነበር። መጨረሻ ላይ ደንበኛው ያየውና "እኔ የፈለግኩት ይሄን አይደለም" ይላል። መግለጫው አራት ነጥብ አለው። አራተኛው ለለውጥ ምላሽ መስጠት እቅድን ከመከተል ይበልጣል የሚል ነው። እቅድ አያስፈልግም አላሉም። እቅዱና እውነታው ሲጋጩ እውነታውን ያዙ ነው ያሉት።

ዛሬ አጃይል ሲባል ለብዙ ሰው የሚመጣለት የጠዋት የቁም ስብሰባ፣ ስፕሪንት የሚባለው አጭር የሥራ ዙር፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ባለቀለም ወረቀት ነው። እነዚህ ዕቃዎቹ ናቸው። ውስጡ ያለው ሐሳብ ግን ቀላል ነው፦ ትንሽ ነገር ሥሩ፣ ውጤቱን እዩ፣ ካያችሁት ተነስታችሁ ቀጣዩን ወስኑ። በሰላሙ ጊዜ ይህ ዙር ሁለት ሳምንት ይፈጃል። በችግር ጊዜ ወደ 15 ወይም 20 ደቂቃ ይወርዳል። ልዩነቱ ይሄው ነው።

አንድ የተለመደ አለመግባባት እዚህ ጋ ላንሳ። "አጃይል ነን" ብለው ሁሉም የመሰለውን የሚያደርግበት ቤት አለ፣ ሰነድ የለም፣ ኃላፊነት የለም፣ ማን ምን እንደነካ አይታወቅም። በሰላሙ ጊዜ ይህ ዝም ብሎ ሥራ ያጓትታል፤ በችግር ጊዜ ግን ያጠፋችኋል። ዙሩ ባጠረ ቁጥር ሥርዓቱ መጥበቅ አለበት። ሐሳብ ለማቅረብ ሁሉም ነፃ ነው፣ ሲስተሙን ለመንካት ግን ማንም ነፃ አይደለም።

ዙሩ እንዴት ይሠራል

እንበል የክፍያ ሲስተማችሁ በድንገት ታመመ። ከአሥር ክፍያ ሦስቱ ይወድቃል። ስልክ ይጮሃል፣ ግሩፑ ውስጥ መልእክት ይንጋጋል። አንዱ ዳታቤዙ ነው ይላል፣ ሌላው ኔትወርኩ ነው ይላል፣ ሦስተኛው የማታው አፕዴት ነው ብሎ ይምላል። ከዚያ አንዱ ሰርቨሩን ሪስታርት ያደርጋል፣ ሌላው እሱ ሳያውቅ ዳታቤዙ ላይ ሴቲንግ ይቀይራል፣ ሦስተኛው ደግሞ አፕዴቱን ይመልሳል። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ሲስተሙ ተሻለው እንበል። ምኑ አዳነው? አይታወቅም። ባሰበት እንበል። ምኑ አባሰው? እሱም አይታወቅም። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል የሚባለው እዚህ ጋ ነው።

አሁን ያንኑ ችግር በዙር እንየው። ሁሉም የሚያየው አንድ ሰነድ ተከፍቷል፣ አንድ ሰው ይጽፋል፦

"10፡05። የምናየው፦ ከክፍያዎች 30 በመቶው እየወደቀ ነው፣ የወደቁት በሙሉ የካርድ ክፍያዎች ናቸው። ግምት፦ የማታው አፕዴት። ሙከራ፦ አንድ ሰርቨር ላይ ብቻ ወደ ቀድሞው እንመልስ። ግምቱ ልክ ከሆነ እዚያ ሰርቨር ላይ መውደቁ ይቆማል። ካልሆነ አፕዴቱን መልሰን እንጭናለን፣ 2 ደቂቃ ይፈጃል።"

"10፡17። ያ ሰርቨርም እንደ ሌሎቹ እየወደቀበት ነው። ግምቱ ስህተት ነው፣ አፕዴቱ መልሶ ተጭኗል። ቀጣይ ግምት፦ ከካርድ ድርጅቱ ጋር ያለን ግንኙነት።"

"10፡26። የግንኙነቱ ሰርተፊኬት ጊዜው ዛሬ ጠዋት አልፏል።"

ሰርተፊኬት ሁለት ሲስተሞች የሚተዋወቁበት ዲጂታል መታወቂያ ነው፤ ጊዜው ካለፈ ግንኙነቱ ይቋረጣል። አፕዴቱ ነው ብሎ የማለው ሰው ተሳስቷል፣ ግን ስህተቱ የፈጀው 12 ደቂቃና አንድ ሰርቨር ነው። ናይት ካፒታል ውስጥም ከሰባቱ አንዱ ላይ ብቻ ሞክረው ውጤቱን አይተው ቢሆን ኖሮ ያ ግምት ስድስቱን ጤነኞች ይዞ ባልሄደ ነበር። በእርግጥ እዚያ እያንዳንዱ ደቂቃ በአማካይ አሥር ሚሊዮን ዶላር ያህል እየበላ ነበር፣ ቆም ብሎ ማሰብ በአፍ እንደሚወራው ቀላል አይደለም። ለዚህም ነው ዙሩን ችግሩ ሲመጣ ሳይሆን አስቀድሞ መልመድ የሚያስፈልገው።

ከሰነዱ ውስጥ በጣም የምወደው "ግምቱ ልክ ከሆነ ይህን እናያለን" የምትለዋን መስመር ነው። ከሙከራው በፊት መጻፍ አለባት። ካልተጻፈች ሰው ያየውን ነገር ሁሉ ለግምቱ ማስረጃ ያደርገዋል፤ ትንሽ ሲሻለው "አላልኳችሁም?" ይላል፣ ሲብስበት ደግሞ "እስኪረጋጋ ነው" ይላል። አስቀድማ ከተጻፈች ማምለጫ የለም።

ሌላው፣ ሥሩን ከመፈለግ በፊት ጉዳቱን ማቆም ይቀድማል። የካርድ ክፍያውን ለጊዜው ዘግታችሁ ሰዉን ወደ ሌላ የክፍያ መንገድ መምራት ከቻላችሁ አድርጉት። ምክንያቱ በኋላ ይገኛል። ሎጉን፣ ማለትም ሲስተሙ የሠራውን የሚመዘግብበትን ፋይል፣ ብቻ ሳይጠፋ አስቀምጡ።

ጉዳት ማቆምና ማዳን ግን ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ጁላይ 19፣ 2024 ክራውድስትራይክ የተባለው የደህንነት ሶፍትዌር ድርጅት የተበላሸ አፕዴት ለቀቀ። በ78 ደቂቃ ውስጥ አፕዴቱን መልሷል፣ ይህ ፈጣን ነው። ግን ማይክሮሶፍት እንደገመተው እስከዚያው 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ማሽኖች ተጎድተው ነበር። የተመታ ኮምፒውተር ሲነሳ ወዲያው ስለሚወድቅ መፍትሔውን በኢንተርኔት ለመቀበል ፋታ አያገኝም፤ ብዙዎቹን ሰው እየሄደ አንድ በአንድ በእጁ ማስተካከል ነበረበት። በዚያ ቀን የየድርጅቱ የአይቲ ኃላፊ የገጠመው ጥያቄ የቴክኒክ አልነበረም። "የቱ ማሽን ይቅደም?" የሚል ነበር። ሁለት ሺህ ማሽን ወድቆ አሥር ሰው ብቻ ካላችሁ መልሱን ያኔ መፈለግ አይቻልም። የትኛው ሥራ ቢቆም ሰው ይጎዳል፣ የትኛው ቢቆም ገንዘብ ይቆማል፣ የትኛው እስከ ሰኞ ይቆያል የሚለው ዝርዝር ከቢዝነሱ ሰዎች ጋር ቁጭ ተብሎ አስቀድሞ መሠራት አለበት። ዝርዝሩም ወረቀት ላይ ይኑር፤ የወደቀው ኮምፒውተር ውስጥ ያለ ዝርዝር ለማንም አይደርስም።

ማን ነው የሚያዘው?

1970 ላይ ካሊፎርኒያን የጫካ እሳት ፈጃት። 13 ቀን ነደደ፣ 16 ሰው ሞተ፣ 700 ያህል ቤትና ሕንፃ ተቃጠለ። ከየአቅጣጫው የመጡት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ጎበዞች ነበሩ፤ ግን አንዱ ቡድን የሌላውን ቋንቋ አይሰማም፣ አንድ ሰው ከብዙ አለቃ ትእዛዝ ይደርሰዋል፣ ማን ምን እንደያዘ አይታወቅም። ከዚያ ትምህርት ተወስዶ አንድ ወጥ የሆነ የአደጋ ጊዜ የእዝ ሥርዓት ተሠራ። ዛሬ ትልልቅ የቴክኖሎጂ ድርጅቶች ሲስተም ሲወድቅ የሚጠቀሙበት አሠራር አብዛኛው ከዚያ የተወሰደ ነው።

ዋናው ሐሳብ፣ በአንድ ጊዜ አንድ አዛዥ ብቻ ይኑር ነው። ኢንሲደንት ኮማንደር ይሉታል። ኮማንደሩ ኪቦርድ አይነካም። ሎግ ማንበብ ከጀመረ ጠቅላላውን ማየት ይተዋል። ሥራው ማዳመጥ፣ ቀጣዩን ሙከራ መወሰን፣ ለማን እንደተሰጠ መናገር፣ ሰዓት መጠበቅ ነው። ከጎኑ የሚጽፍ ሰውና ለውጭው ሰው የሚናገር ሰው ይኖራሉ። ሌሎቹ ባለሙያዎች ናቸው። አንድ ሰው በቀጥታ ከሦስት እስከ ሰባት ሰው ብቻ ይምራ ይላል ያ የእሳት አደጋ ሥርዓት፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ቡድኑ ይከፈል።

ቀጥሎ የምለው ለአይቲ ኃላፊዎች ነው፣ ከልቤ ነው የምለው። ኮማንደሩ እናንተ ባትሆኑ ይሻላል።

አንድ ጊዜ ሲስተም ወድቆ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ሦስት ሰዎች ችግሩን ሊያገኙ ተቃርበዋል፣ አንዱ ጮክ ብሎ እያነበበ ሌሎቹ ይከተሉታል። በዚህ መሃል አንድ ትልቅ ኃላፊ ገባና "መቼ ያልቃል?" አለ። ሁሉም ዝም አለ። የሚያነበው ልጅ ስክሪኑን ትቶ ማስረዳት ጀመረ፣ ኃላፊው ሌላ ጥያቄ ጨመረ፣ ሌላኛው ልጅ ደግሞ ኃላፊው የሰጠውን ሐሳብ እንቢ ማለት ስላልቻለ ሊሞክረው ሄደ። ወደነበሩበት ለመመለስ ግማሽ ሰዓት ገደማ ፈጀባቸው። ኃላፊው ክፉ ሰው አልነበረም። ከላይ እሱንም የሚጠይቀው ሰው አለ። ግን የገባበት ክፍል ውስጥ ሥልጣኑ ቀድሞት እንደሚገባ አላወቀም።

"መቼ ያልቃል?" የሚለው ጥያቄ መልስ የለውም፤ ምክንያቱ ያልታወቀ ነገር መቼ እንደሚያልቅ ማንም አያውቅም። ልጆቹን ካስጨነቃችኋቸው ግን መልስ ይሰጧችኋል፣ "አንድ ሰዓት" ይላሉ። እናንተም ያችን ይዛችሁ ለላይኛው አለቃ ትናገራላችሁ፣ ከዚያ ሰዓቱ ሲያልፍ ሁሉም ዋሾ ይሆናል። ይልቅ "ቀጣዩን ነገር መቼ እናውቃለን?" ብላችሁ ጠይቁ። ይህ መልስ አለው። "በ10፡30 ሙከራው ያልቃል።" "ምን ይዟችኋል፣ እኔ ምን ላንሳላችሁ?" የሚለውም መልስ አለው። አንድ የውጭ ድርጅት ስልክ አያነሳ ይሆናል፤ እናንተ ብትደውሉ ያነሳል። ለአንድ ሰርቨር ፈቃድ የሚሰጠው ሰው እንቅልፍ ላይ ይሆናል፤ እናንተ ቀስቅሱት። እነሱ ሎጉን ያንብቡ፣ እናንተ በሩን ጠብቁ።

ሥልጣንን በተመለከተ አንድ ነገር አስቀድማችሁ ወስኑ፦ ሲስተሙን ሙሉ በሙሉ የመዝጋት መብት ያለው ማን ነው? ሌሊት ተረኛ የሆነው ወጣት ኢንጂነር ማንንም ሳይጠይቅ ሊዘጋው ይችላል? ከዘጋና ስህተት ሆኖ ቢገኝስ ምን ይደርስበታል? መልሱ በጽሑፍ ካልተሰጠው አይዘጋም። ይጠብቃል፣ ይደውላል፣ ደግሞ ይደውላል፣ ጉዳቱ እስከዚያው ይቀጥላል። ስለዚህ "ጥርጣሬ ካለህ ዝጋ፣ ብትሳሳትም ከጎንህ ነን" የሚል ቃል ከአፋችሁ ወጥቶ፣ ሰው በስህተት በዘጋበት ቀንም እውነት ሆኖ መገኘት አለበት። አንዴ ከታጠፈ በቃ፣ ሁለተኛ ማንም አያምነውም።

ለውጭው ሰው ምን እንበል?

ዝምታ ሰው ያስቆጣል። "እየሠራንበት ነው፣ ይቅርታ እንጠይቃለን" የሚለውም ከዝምታ ብዙም አይሻልም። ጥሩ መልእክት ምን እንደተበላሸ፣ ምን እንዳልተበላሸ፣ ሰውዬው አሁን ምን ማድረግ እንደሚችልና ቀጣዩ መልእክት መቼ እንደሚመጣ ይናገራል፦ "የካርድ ክፍያ ከጠዋቱ ጀምሮ እየተቋረጠ ነው። ሌሎቹ የክፍያ መንገዶች ይሠራሉ። ሁለት ጊዜ አትክፈሉ። አዲስ ነገር ባይኖርም በ11፡00 ተመልሰን እንጽፋለን።" በ11፡00 ደግሞ የምር ጻፉ፣ የምትሉት ባይኖርም። ሰዓት አክባሪነቱ ነው አመኔታ የሚያመጣው።

የምትናገሩበት መንገድ ራሱ የወደቀው ሲስተም ላይ የተንጠለጠለ እንዳይሆን አሁኑኑ እዩ። ፌብሩዋሪ 28፣ 2017 የአማዞን የክላውድ ማከማቻ ኤስ ስሪ አንድ ሰው ትእዛዝ ሲጽፍ በሠራው ስህተት ምክንያት ለሰዓታት ወደቀ። የአማዞን የአገልግሎት ሁኔታ ማሳያ ገጽ መቆጣጠሪያው ኤስ ስሪ ላይ የተሠራ ስለነበር ለሁለት ሰዓት ያህል ገጹ ላይ የየአገልግሎቱን ሁኔታ ማደስ አልቻሉም፤ በትዊተር ነው ያሳወቁት። ኦክቶበር 4፣ 2021 ፌስቡክ ስድስት ሰዓት ገደማ ሲጠፋም እንዲሁ ነው፤ የጠፋው ኔትወርክ ኢንጂነሮቹ ችግሩን ለመፍታት የሚጠቀሙባቸውን የውስጥ መሣሪያዎች ይዟቸው ሄደ፤ ሰዎች በአካል ዳታ ሴንተር መላክ ነበረባቸው፣ እዚያ ሲደርሱም ጥበቃው ጥብቅ ስለሆነ ለመግባት ጊዜ ፈጀ። የእናንተ የሠራተኞች ስልክ ቁጥር የት ነው ያለው? ኢሜይል ቢጠፋ በምን ትገናኛላችሁ? ይህን አሁን መመለስ ካልቻላችሁ የቀረውን ጽሑፍ በኋላ ታነቡታላችሁ፣ መጀመሪያ ሄዳችሁ ቁጥሮቹን ጻፉ።

ሰርጎ ገብ ሲሆን ነገሩ ይለያል

እስካሁን ያልኩት ሲስተም በራሱ ሲበላሽ ነው። ሰርጎ ገብ የገባ እንደሆነ የሙከራ ዙሩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ማሽን ቶሎ አጽድቶ እንደገና መጫን ማስረጃ ያጠፋል። ገብቶ የተቀመጠው ሰው ኢሜይላችሁንና የውስጥ ቻታችሁን እያነበበ ሊሆን ስለሚችል ውይይቱን ከሲስተሙ ውጭ ማድረግ ያስፈልጋል። ማሽኑን ከኔትወርክ ለዩት፣ አታጥፉት፣ የሜሞሪውንና የዲስኩን ቅጂ ያዙ፣ ከዚያ አስቡ። የሕግ ሰውም ከመጀመሪያው ሰዓት ይግባ፤ ለምሳሌ የአውሮፓ ኅብረት የዳታ ጥበቃ ሕግ የሰው የግል መረጃ መሹለኩን ካወቃችሁ ጊዜ ጀምሮ በ72 ሰዓት ውስጥ ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት እንድታሳውቁ ያዛል። የታወቀና ብዙ ጊዜ የደረሰ ችግርም ሙከራ አያስፈልገውም፣ የተጻፈውን መመሪያ ተከተሉ፣ በቃ።

የደከመ ሰው እጅ

ጃንዋሪ 31፣ 2017 ማታ ጊትላብ በሚባለው፣ የሶፍትዌር ሰዎች ኮዳቸውን የሚያስቀምጡበት ድርጅት ላይ የሆነውን የትኛውም የአይቲ ኃላፊ ቢያውቀው እመኛለሁ።

ዳታቤዛቸው በአይፈለጌ መልእክት ላኪዎች ምክንያት ጫና በዝቶበት ነበር። ከዋናው ዳታቤዝ እየቀዳ የሚከተለው ሁለተኛው ዳታቤዝ ወደኋላ ቀረ። አንድ ኢንጂነር ሊያስተካክለው ይታገላል። ሰዓቱ እሱ ባለበት አገር ወደ ሌሊት እየሄደ ነው፣ ከሥራ ልውጣ ብሎ ነበር፣ ግን ችግሩ አላስወጣውም። ሁለተኛውን እንደገና ለመቅዳት የዳታ ማህደሩ ባዶ መሆን ነበረበት። ስለዚህ ማህደሩን የሚያጠፋ ትእዛዝ ሰጠ። ከአንድ ወይም ሁለት ሰከንድ በኋላ ዋናው ሰርቨር ላይ መሆኑን አየ። አቆመው፤ ግን 300 ጊጋባይት ከነበረው የቀረው 4.5 ጊጋባይት ብቻ ነው።

እሺ፣ ባክአፕ አለ አይደል? በየቀኑ የሚወጣው ባክአፕ ሲታይ ማከማቻው ባዶ ነው። ባክአፕ የሚያወጣው ፕሮግራም የዳታቤዙ ቨርዥን ስላልገጠመለት ይወድቅ ነበር። ሲወድቅ ማስጠንቀቂያ ኢሜይል ይልካል፣ ግን ኢሜይሎቹ ተቀባዩ ሰርቨር ዘንድ ተቀባይነት እያጡ ይመለሱ ስለነበር ለማንም አልደረሱም። የክላውዱ የዲስክ ቅጂ ደግሞ ለዳታቤዝ ሰርቨሮቹ አልተከፈተም። ያዳናቸው ያው ኢንጂነር ከስድስት ሰዓት በፊት ለሌላ ሥራ በእጁ የወሰደው አንድ ቅጂ ነው። እሱን መልሶ ለመቅዳት 18 ሰዓት ያህል ፈጀ። የስድስት ሰዓቱ መረጃ፣ ወደ 5,000 ፕሮጀክት፣ 5,000 አስተያየትና 700 አዲስ አካውንት ያህል፣ ጠፋ።

ጊትላብ ይህን ሁሉ አልደበቀም። የሥራ ሰነዱን ለሕዝብ ከፈቱት፣ ዳታቤዙን ሲመልሱ በዩቲዩብ በቀጥታ አሳዩት። በሪፖርታቸውም ኢንጂነሩን በስም አልጠሩትም። የጠየቁት ስለ ሲስተሙ ነው፦ ሁለቱ ሰርቨሮች እንዴት ይህን ያህል ይመሳሰላሉ? ባክአፑ መሥራቱን የመከታተል ኃላፊነት የማን ነበር? የማንም አልነበረም።

ይህ ስብሰባ፣ ፖስትሞርተም የሚሉት፣ ብዙ ቤት ውስጥ የፍርድ ቤት መልክ ይይዛል። ማን አጠፋው ተብሎ ከተጀመረ ቀጣዩ ሰው ስህተቱን ይደብቃል። ስህተት ከተደበቀ ደግሞ ቅድም ያልኩት አጭር ዙር አይሠራም፤ ዙሩ የሚኖረው "እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ ዋናው ላይ ነበርኩ" ብሎ በዚያው ደቂቃ መናገር የሚችል ሰው ሲኖር ነው። ስለዚህ "ያኔ ምን እያየህ ነበር? ያደረግከው ለምን ትክክል መሰለህ?" ተብሎ ይጠየቅ። ውሳኔዎቹም ሠላሳ አይሁኑ፤ ሦስት ይሁኑ፣ ባለቤትና ቀን ይኑራቸው።

ድካሙንም አትርሱት። ችግሩ ከስምንት ሰዓት በላይ እንደሚሄድ ከተጠረጠረ ግማሹን ሰው ገና ሲጀመር ወደ ቤት ላኩት። ይከብዳል፣ አውቃለሁ፣ ጎበዙ ሰው ደግሞ አልሄድም ይላል። እሱን ማስወጣት የእናንተ ሥራ ነው።

ልምምዱም ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ፌስቡክ ያን ቀን አገልግሎቱን ሲመልስ ሁሉም ነገር በአንዴ ቢነሳ የኤሌክትሪክ ፍጆታው በድንገት ስለሚዘል ሌላ አደጋ ሊፈጥር ይችል ነበር። ኢንጂነሮቹ ግን አንድን ዳታ ሴንተር ወይም አንድን አካባቢ ሆን ብለው እያጠፉ የሚለማመዱበት ልማድ ስለነበራቸው ቀስ አድርገው ማንሳቱን ያውቁበት ነበር። ያን ያህል ትልቅ መሆን አያስፈልግም። በወር አንድ ጊዜ አንድ ሰዓት ጠረጴዛ ዙሪያ ቁጭ በሉ፤ አንድ ሰው "ዋናው ዳታቤዝ ጠፍቷል፣ ማነው የሚደውለው?" ይበል፣ ሌላው ኮማንደር ይሁን፣ አንዱ ይጻፍ። በሚቀጥለው ወር ኮማንደሩ ሌላ ሰው ይሁን፣ በተለይ ዝምተኛው።

ከመጀመሪያው ልምምድ በፊት ግን በዚህ ሳምንት የምትሠሯት አንዲት ነገር አለች። ከባክአፖቻችሁ አንዱን ምረጡ፣ ባዶ ማሽን ላይ መልሱት፣ መረጃው በእርግጥ መኖሩን ክፈቱና እዩ፣ ስንት ሰዓት እንደፈጀም ጻፉ። ያችን ቁጥር ለአለቃችሁ ስጡት። ቀጥሎ ሲስተም ሲወድቅና "መቼ ያልቃል?" ሲላችሁ ቢያንስ መረጃውን መልሶ ለመጫን ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ሁለታችሁም ታውቃላችሁ።